ትህትና፣ ደረጃ ዘጠኝ

ወይዘሮ ፌቨን ሁልጊዜም ጀርባቸው ላይ ከታሰረው ደጋፊ ቀድመው ይነቃሉ። ነቁ ማለት ግን ተነሡ ማለት አይደለም። እንደ ማንኛውም የደሴ ሰው በጀርባቸው ተንጋለው፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ፣ ደጋፊው «ደኅና አደሩ፤ አሁን እንነሣለን» ብሎ ወገባቸውን ቀና እስኪያደርግላቸው ይጠብቃሉ። ሌላው ሰው ይህቺን ጊዜ ለጸሎት ያውላታል፤ አንዳንዱም ዜና ይሰማባታል። ወይዘሮ ፌቨን ይሠጉባታል።

ብዙውን ጊዜ ሥጋታቸው የተለመደው ነው። ጦሳ ተራራ ቢናድስ? ልጃቸውና አማቻቸው የሚሠሩባት መርከብ ብትሰጥምስ? ዛሬ መብራት ቢጠፋስ? መብራት ሲጠፋ ከተማው ይጋደማል። ደጋፊው የለቀቀው ሰው ባለበት ቦታ ቀስ ብሎ ይተኛል፤ ወረፋ የሚጠብቅም ወረፋውን እንደያዘ ይተኛል፣ የሚቀድመውም የለም። መብራት ሲመጣ ሁሉም ባንዴ ይነሣና ነገሩን ካቆመበት ይቀጥላል። ማንም ስለዚህ ብዙ አያወራም።

የዚያን ቅዳሜ ሥጋት ግን ከሁሉ ይብስ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ ይመጣል። የልጅ ልጃቸውን ትርንጎን ሊጠይቁ ነው፤ ጓንጉል ለሚባል፣ ከቧንቧ ውሃ ሠፈር ለሆነ፣ ጨዋ ለሚመስል ልጅ። ይህ ብቻ ቢሆን እልልታ ነበር። ትርንጎ ግን ባዶ ጀርባ ናት።

በዚያ ዘመን ያለ ደጋፊ የሚሄድን ሰው «ባዶ ጀርባ» ማለት ነውር ነው፤ በልጅ ፊት አይባልም። ነገሩ የተጀመረው በወይዘሮ ፌቨን ልጅነት ነበር። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ኖረና አንገቱን ታመመ፤ ቀጥሎ ወገቡን ታመመ፤ ቀጥሎ ቀና ማለት የሚችለው ሰው እያነሰ መጣ። ደጋፊው መጀመሪያ ለበሽተኛ ታዘዘ፣ ከዚያ ለአዛውንት፣ ከዚያ ለተማሪ። አሁን ልጅ ሁለተኛ ልደቱን ሲያከብር ሻማው ይጠፋል፣ ኬኩ ይቆረሳል፣ ደጋፊው ከአንገቱ እስከ ዳሌው ይታሰርለታል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ጀርባው የራሱ ጉዳይ አይደለም። ደጋፊው ይይዘዋል፣ ያጎነብሰዋል፣ ያቃናዋል። ወንበር መደገፊያው አላስፈለገምና ቀርቶ ሁሉም በበርጩማ ላይ ይቀመጣል። በደጋፊ የተሰገደ ስግደት ይቆጠራል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ለየብቻ ተሰብስበው አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ፤ ልብ ካለበት ይቆጠራል አሉ።

ትርንጎን ያበላሻት ትምህርቷ ነው። ኮሌጅ ውስጥ የጀርባ ጡንቻን ታስተምራለች። ትምህርቱ ድሮ በጤና ክፍል ሥር ነበር፤ ጥቅሙ እየቀረ ሲሄድ ወደ ታሪክ ክፍል ተዛወረ። ታሪክ ሆኖ ቢቀር ምንም አልነበረም። እሷ ግን ያነበበችውን በራሷ ላይ ሞከረችው። በየቀኑ ደጋፊዋን እየፈታች ወለል ላይ ተንጋላ፣ ተደፍታ፣ በአራት እግሯ ቆማ፣ ስትንቀጠቀጥ፣ ስትወድቅ፣ ደግሞ ስትነሣ ቆየች። ወይዘሮ ፌቨን ይህን ያወቁት ዘግይተው፣ ፀጉሯን ሊያጥቡላት ሲሉ ነው። በአከርካሪዋ ግራና ቀኝ፣ ከወገቧ እስከ ትከሻዋ፣ ሁለት ረጃጅም ጉብታዎች ተጋድመዋል።

«ወገቤን! ትርንጎ፣ እባጭ ወጥቶብሻል!»

«እባጭ አይደለም፣ እማምዬ። ጡንቻ ነው።»

«ጡንቻ ጀርባ ላይ ምን ያደርጋል?»

«ድሮም ቦታው ነው። ሥጋ ቤት ሽንጥ ትገዢ የለ? እሱ ነው። በሬው ያለው ለኛም አለን።»

«እኔ ሽንጥ የለኝም!» አሉ ወይዘሮ ፌቨን፣ የተሰደቡ ያህል።

«አለሽ። ተኝቶ ነው።»

ወይዘሮ ፌቨን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሱ ሰው ናቸው። የባዮሎጂ መጽሐፋቸውን ሥዕል እስከ ዛሬ ያስታውሱታል፤ በሥዕሉ ላይ አጥንቱ ያለ ምንም ሥጋ ብቻውን ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እንዲያውም ትንሽ ፈገግ ያለ ይመስል ነበር። ስለዚህ አጥንት ምሰሶ ነው ብለው ያምናሉ። ትርንጎ ይህን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች።

«ምሰሶ ቢሆን መች ይታጠፍ ነበር? ትንንሽ አጥንቶች ናቸው፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረደሩ። በመሀላቸው ትራስ አለ። ብቻቸውን ብትተያቸው ይናዳሉ። ቀጥ የሚያደርጓቸው ካጥንት አጥንት የሚይዙት ትንንሾቹ ጡንቻዎች ናቸው፤ ከላይ ደግሞ እነዚህ ረጃጅሞቹ እንደ ገመድ ይስቧቸዋል። ከፊት ሆድ ያግዛል።»

«ገመዱ ቢበጠስስ?»

«አይበጠስም።»

«ትራሱ ሾልኮ ቢወጣስ? የድሮ ሰው ዲስኬ ሾለከ ይል ነበር እኮ! አጎቴ...»

«አጎትሽ ዲስኩ የሾለከው ሶፋ ላይ ተኝቶ ኳስ ሲያይ ነው፤ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።»

ይህን ወይዘሮ ፌቨን አልካዱም። ሥጋታቸውን ግን አልጣሉትም፤ አጠፉና አስቀመጡት፤ ቁም ሳጥናቸው ውስጥ እንዳለው አንቀልባ። አንቀልባው ትርንጎ የታዘለችበት ነው። እናቷ መርከብ ላይ ስትገባ ሕፃኗ ለአያቷ ቀረች፤ ወይዘሮ ፌቨንም ያንን ሁሉ ዳገት አዝለዋት ሲወጡና ሲወርዱ ኖሩ። ሁለት ዓመት ሲሞላት ግን ልጅቱም አያቲቱም ባንድ ቀን ደጋፊ ለበሱ። ጀርባ ላይ ደጋፊ ካለ ልጅ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ደጋፊውን ያሰረችላቸው ነርስ በጨዋ ደንብ «ካሁን በኋላ ጋሪ ነው፣ እናቴ» አለች። አንቀልባው ታጥፎ ገባ። በከተማው ውስጥ ሌላ አንቀልባ ስለመኖሩ ወይዘሮ ፌቨን ይጠራጠራሉ።

ወደ ቅዳሜው እንመለስ። ረፋዱ ላይ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሄራን በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። ወይዘሮ ሄራን ሥራ የላቸውም፤ ወሬ ግን አላቸው።

«ፌቨን፣ ትናንት ያቺ ልጅሽ ዳገቱን በሩጫ ወጣች አሉ። ደጋፊ በሩጫ አይሄድም ብዬ ተከራከርኩልሽ።»

«ደግ አደረግሽ። አዲሱ ዓይነት ይሮጣል።»

«አይ አዲስ!» አሉ ወይዘሮ ሄራን፣ ዓይናቸውን እያጠበቡ። «ለማንኛውም ዛሬ ትህትናሽን አራት ላይ አድርጊው። የሴት ወገን ኩራት ያስፈልገዋል። የወንድ ወገን በዘጠኝ ይመጣል፣ አንቺ በአራት ትቀበያለሽ። ደንቡ ይህ ነው።»

ትህትና በደጋፊው አንገት ሥር ያለች ትንሽ ቁልፍ ናት። አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የሚያደርጉት ነው፣ ጭንቅላት ብቻ ይነቀነቃል። አምስት ለጎረቤት ነው። ዘጠኝ የሚደረገው ለትልቅ ሰው ልቅሶና ልጅ ለመጠየቅ ብቻ ነው። ዘጠኝ ላይ ደጋፊው ከፊት ያለውን ሰው ይለካና ከእሱ በጥቂት ዝቅ ይላል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ሁለት ዘጠኝ ተገናኝቶ አያውቅም።

ወይዘሮ ፌቨን እስከ ቀትር ድረስ አራት ላይ ነበሩ። ትርንጎን ለምነው ደጋፊዋን አስለበሷት፤ እሷም እሺ ብላ ታሰረችው። ኃይል እንዳልሞላችው ግን አልነገረቻቸውም፤ እንደ ካፖርት ነው የለበሰችው። ወይዘሮ ፌቨን በዚህ ትንሽ ተረጋጉ። ከዚያ መስታወት ፊት ቆመው ማሰብ ጀመሩ፤ ማሰብ ደግሞ ለእሳቸው አይበጅም። ቢነኳትስ? ሲስሟት ክንዳቸው ጀርባዋ ላይ ቢያርፍና ያንን ጉብታ ቢዳብሱትስ? «ጡንቻማ ልጅ ልትሰጡን ነው እንዴ» ቢሉስ? ያን ጊዜ በአራት የተቀበለች አያት በምን አፏ ይቅርታ ትጠይቃለች? ልጅቷ እንደሆነ አትጎነብስም። ቢያንስ አያቷ ትጎንበስላት።

እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱና ቁልፏን አዞሩ። ስምንት። ትንሽ አመነቱ። ዘጠኝ።

ሽማግሌዎቹ በሰዓታቸው መጡ። ሦስት ናቸው። ከፊት ጋሽ ያብስራ፣ የዕርቅና የጋብቻ ነገር ሲኖር ሁሉም የሚጠራቸው፣ ድምፃቸው እንደ ከበሮ፣ ሰውነታቸው እንደ በር። ከኋላቸው ጋሽ ኢዩኤል፣ የጓንጉል አጎት፣ ቀልደኛ ናቸው ይባላል። መጨረሻ ሐጂ አያን፣ ቀጭንና ጸጥተኛ። ሦስቱም እንደ ደንቡ ዘጠኝ ላይ ነበሩ።

ወይዘሮ ፌቨን በሩን ከፈቱ።

«እንደምን ዋሉ!» ብለው ጋሽ ያብስራ ጎንበስ አሉ። የወይዘሮ ፌቨን ደጋፊ ለካቸውና በጥቂት አነሰ። የጋሽ ያብስራ ደጋፊ ይህን አየና በጥቂት አነሰ። የኋለኞቹ ሁለቱም ተከተሉ።

«ኧረ በሥላሴ፣ ቀና ይበሉ!» አሉ ወይዘሮ ፌቨን።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!»

«እርስዎ እያሉማ እኔ አልልም!»

«አይሆንም፣ በጭራሽ!»

ይህ ድሮም የሚባል ነገር ስለሆነ ማንም ምንም አልጠረጠረም። በጨዋ ሰዎች መካከል መገባበዝ ረጅም ነው። ጉልበታቸው ሲታጠፍ ትንሽ ገረማቸው። ከዚያ ግንባራቸው ወለል ነካ። አራቱ ደጋፊዎችም፣ ባንድ ዓይነት የሴት ድምፅ፣ ተራ በተራ ተናገሩ።

«ወለል ደርሰዋል። ከፊትዎ ያሉት ሰው ቀና ሲሉ ቀና ይላሉ፤ እስከዚያ ቁልፉ አይዞርም። ስለ ትህትናዎ እናመሰግናለን።»

ጋሽ ያብስራ ገብተዋል፤ ጋሽ ኢዩኤል የበሩ መድረክ ላይ ናቸው፤ ሐጂ አያን ግን ገና በረንዳ ላይ ስለነበሩ ጀርባቸውን ለሠፈሩ ሰጥተው ቀሩ። በሩ እንደተከፈተ ነው። የደሴ ነፋስ ይገባል።

«ወይዘሮ ፌቨን፣» አሉ ጋሽ ያብስራ ከምንጣፉ ላይ፣ «ነውር አይሁንብኝና... ስንት ላይ ነዎት?»

ወይዘሮ ፌቨን መሬት እንድትውጣቸው ፈለጉ፤ ከመሬት ደግሞ ብዙም አልራቁም። «ዘጠኝ» አሉ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ዘጠኝ!» አሉ ጋሽ ኢዩኤል። «የሴት ወገን ዘጠኝ! ልጅቷ ምን ሆና ነው?»

«ምንም አልሆነችም!»

ሽማግሌ መደንገጡን አያሳይም። ጋሽ ያብስራ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሰላምታውን ካቆመበት ቀጠሉ።

«ቤተሰቡ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የእናንተስ?»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ድምፅ ከበረንዳው። «ትንሽ ይበርዳል እንጂ።»

«ከብቱ፣ ሰብሉ...» ብለው ጋሽ ያብስራ ቀጠሉና ከብትም ሰብልም የያዘ ሰው በመሀላቸው እንደሌለ ትዝ ብሏቸው ተዉት። ዓይናቸውን ወደ ጎን ሰደዱ። «ወይዘሮ ፌቨን፣ ከሶፋው ሥር መነጽር ይታየኛል።»

«ቀይ?»

«ቀይ።»

«እሰይ! ካቻምና የጠፋኝ ነው!»

ሐጂ አያን የጥገናውን መሥመር በድምፅ ጠሩት። የሚያሳዝን ሙዚቃ ተሰማ፣ ከዚያ ደግሞ ያችው የሴት ድምፅ መጣች። ባለሙያ ሰኞ ይደርሳል አለች። እስከዚያው ምቾታቸውን እንዲጠብቁ መከረች።

ትርንጎ የብርቱካን ጭማቂ በትሪ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ሁኔታው ይህን ይመስል ነበር። ወይዘሮ ፌቨን ያዩት ተረከዞቿን ብቻ ነው። ተረከዞቹ ቆሙ። ትሪው ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ሰሙ። ከዚያ ከሁሉ የፈሩትን ድምፅ ሰሙ፤ የዘለበት ድምፅ፣ አንድ፣ ሁለት።

«ትርንጎ! አትፍቺው! እንግዳ አለ!»

«ይህን ታጥቄ አላነሣችሁም፣ እማምዬ።» ደጋፊው ተፈትቶ ሚስማር ላይ ተንጠለጠለ።

ጋሽ ኢዩኤል አንገታቸውን እንደምንም አዙረው ከሥር ወደ ላይ ተመለከቱ።

«ባዶ ጀርባ ናት» አሉ።

«ልጅ ናት!» አሉ ወይዘሮ ፌቨን፣ ልቅሶ በቀረበው ድምፅ። «ትምህርት አሳስቷት ነው እንጂ አስተዳደጓ እንዲህ አይደለም! በደንብ ነው ያሰርኳት፣ በሁለት ዓመቷ ነው ያሰርኳት፣ ፎቶው አለ! እናቷ ባሕር ላይ ናት፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ለጓንጉል አትንገሩት!»

ትርንጎ ግን በረንዳ ወጥታ ነበር። ሐጂ አያን ሲጮኹ ተሰማ።

«ልጄ፣ አትፍቺው፣ እወድቃለሁ!»

«ከወለል ወዴት ይወድቃሉ፣ አባባ?»

ሐጂ አያን ይህን ሲያስቡበት ዘለበታቸው ተፈታ። ትርንጎ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ወገቧን ሳታጎብጥ፣ ሆዷን ሰብስባ፣ ክንዳቸውን በትከሻዋ አሳልፋ፣ በጭኗ ተነሣች። ሐጂ አያን በጀርባዋ ላይ ወጡ። ከሕፃንነታቸው ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ተቀምጠው አያውቁም።

«ይሞቃል!» አሉ፣ ተገርመው።

የት ታስቀምጣቸው? ደጋፊ የሌለው ሰው በርጩማ ላይ እንደ እርጥብ ፎጣ ይፈስሳል። በቤቱ ውስጥ መደገፊያ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወይዘሮ ፌቨን ከእናታቸው የወረሱት፣ እንግዳ የማይቀመጥበት ሶፋ። ሐጂ አያን ጥግ ላይ ተደገፉ። ጋሽ ኢዩኤል ቀጥለው መጡ። በመንገድ ላይ «እኔን የቻለች ጓንጉልን አትከብድም» አሉ፤ ሶፋው ላይ ግን ጭንቅላታቸው ሐጂ አያን ትከሻ ላይ ዘንበል ብሎ ቀረና ቀልዳቸው አለቀ።

ጋሽ ያብስራ ቀሩ። ሽንጣቸውን ገትረው ሊከራከሩ ፈለጉ፤ የሚገተር ሽንጥ ስላልነበራቸው በግንባራቸው ምንጣፉን እየገፉ ተከራከሩ።

«ልጄ፣ እኔን ተዪኝ። ሽማግሌ ቃል ሳይሰጠው አይቀመጥም። አባቶቻችን ደጅ ቆመው ነው የጠበቁት።»

«እርስዎ ግን አልቆሙም እኮ፣ ጋሼ።»

«እንዲሁ እንደ ተደፋሁ እጠብቃለሁ።»

«እስከ ሰኞ?»

ጋሽ ያብስራ ምንጣፉን መግፋት ተዉ። «ሰኞ ነው ያለችው?»

ትርንጎ ዘለበታቸውን ፈታች። ቁጢጥ አለች፤ ትንፋሽ ወሰደች፤ ያንን ሁሉ ግርማ ሞገስ ጀርባዋ ላይ ጫነች። ሲነሡ ጉልበቶቿ ተንቀጠቀጡ፣ አንገቷ ላይ ሥር ተገተረ። ወይዘሮ ፌቨን ከሥር ሆነው አዩ፤ ያን ጊዜ ነው ሌላው ነገር የታያቸው።

«ትርንጎ! አታስቀምጫቸው! እኔ ገና ቃል አልሰጠሁም! ለሁለት ሳምንት ነው የምቀጥራቸው! ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት እሺ ተባለ ማለት ነው!»

ትርንጎ በመሀል ሳሎን ቆመች፣ ጋሽ ያብስራን እንዳዘለች። ፊቷ ቀልቷል።

«አውቃለሁ፣ እማምዬ» አለች።

ሄደችና አስቀመጠቻቸው።

ወይዘሮ ፌቨን ይህን ለማሰላሰል ጊዜ ፈጀባቸው። ልጅቷ ጓንጉልን ትፈልገዋለች። ለካ እስከዛሬ አልጠየቋትም፤ ደጋፊዋን ስለ መልበሷ ሲጨነቁ ይህን መጠየቅ ረስተውት ነበር።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ተደጋግፈው፣ እንደ ሦስት ከረጢት ጤፍ፣ ወደ እሳቸው ያያሉ። ጋሽ ያብስራ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ድምፅ በጀርባ አይያዝም።

«ወይዘሮ ፌቨን፣ ተቀምጠናል። ያስቀመጠችን ልጅቱ ናት፣ የእሷን ሐሳብ ሰምተናል። ቃሉ ግን የእርስዎ ነው። እርስዎ ካላሉ እኛ... እንሄዳለን።» እንዴት እንደሚሄዱ አላብራሩም። «ስለ ጀርባዋ ከሆነ የሚያስጨንቅዎት፣ አይጨነቁ። እንዲህ ያለችውን ልጅ ለሌላ ሠፈር ብትሰጡብን ማን ያነሣናል?»

«አሁን በሩን ዝጉልኝ» አሉ ሐጂ አያን።

ትርንጎ በሩን ዘጋች። ወይዘሮ ፌቨን እንዳቀረቀሩ ነበሩ። እሺ የሚለው ቃል አፋቸው ላይ ደርሷል። ነገር ግን እናታቸው ስለ እሳቸው ቃል ስትሰጥ ቆማ ነበር፤ የእናታቸው እናትም ቆማ ነበር። ሰው ምንጣፍ እየሳመ ልጁን አይድርም።

«ትርንጎ፣ ነይ፣ እኔንም አንሺኝ።»

«አንቺን አላዝልሽም።»

«ምነው? አያትሽ አይደለሁ?»

«አንቺ ትችያለሽ።» አጠገባቸው ተንበርክካ የዘለበታቸውን ቁልፎች ፈታች። ደጋፊው ከጀርባቸው ላይ ሲነሣ ብርድ ገባ፤ የራሳቸው ጀርባ፣ ራቁቱን የቀረ ያህል። «እማምዬ፣ ስሚኝ። በእጅሽና በጉልበትሽ ሁኚ።»

«ትራሱ ይሾልካል!»

«አይሾልክም። ተንፍሺ።» መዳፏን ወገባቸው ላይ አሳረፈች፣ ግራና ቀኝ። «እዚህ ናቸው። ይሰሙሻል?»

«ምንም የለም እዚያ። ባዶ ነው።»

«አለ። እኔ አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ለጥፌ ተኝቼበታለሁ። ዳገት ስትወጪ ሲጠብቅ፣ ቁልቁለት ስትወርጂ ሲላላ። ከመጽሐፍ በፊት ካንቺ ነው የተማርኩት።»

ወይዘሮ ፌቨን ዳገቱ ትዝ አላቸው፤ አንቀልባው ደረታቸው ላይ ሲያጠብቅ፣ ሕፃኗ ስትተኛ የምትከብደው ክብደት፣ ማጅራታቸው ላይ የሚያርፈው ትንፋሽ። ያን ጊዜ ስለ ወገባቸው ሠግተው አያውቁም ነበር። ጊዜ አልነበራቸውም።

«ሆድሽን ሰብሰብ። አንድ እግርሽን ወደፊት። እጅሽን ጉልበትሽ ላይ። ዳሌሽ ይግፋ፣ ወገብሽን ብቻውን አትጫኚው። አንገትሽ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ አትቸኩዪ።»

በመዳፏ ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። በጣም ትንሽ ነበር፤ እንቅልፋም ሰው ስሙ ሲጠራ አንድ ዓይኑን የሚከፍት ያህል።

«ወገቤን!» አሉ ወይዘሮ ፌቨን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሉት የኖሩት ቃል ነው፤ አሁን ግን ስላለ ነገር ነበር የሚናገሩት።

ተንቀጠቀጡ። ወደ ግራ ዘመሙ፤ ትርንጎ እጇን ዘረጋች፣ አልነካቻቸውም። ወደ ቀኝ ዘመሙ። ጉልበታቸው ቀጥ አለ። ዳሌያቸው ቀጥ አለ። ከዚያ አንዱ አጥንት ባንዱ ላይ፣ ቀስ በቀስ፣ እየተቆጡና ሥላሴን እየጠሩ፣ ተደረደሩ። መጨረሻ ላይ ጭንቅላታቸው መጣና ከላይ ተቀመጠ።

ቆሙ።

አዛውንት ሴት ስትቆም ተቀምጦ ማየት ነውር ነው። ጋሽ ያብስራ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

«ኖር!» አሉ።

«ኖር! ኖር!» አሉ ሁለቱም።

ሶፋው ላይ ትልቅ መፍጨርጨር ሆነ። ጋሽ ኢዩኤል ወደ ፊት ሊሉ ሲሉ ወደ ጎን ሄዱ። ሐጂ አያን አንድ ክንዳቸውን አነሡ። ማንም አልተነሣም።

«በእግዜር!» አሉ ወይዘሮ ፌቨን። «ኧረ አትነሡ፣ በሞቴ አትነሡ!»

«እሺ፣ ስላሉን እንቀመጣለን» አሉ ጋሽ ያብስራ፣ ላብ እየጠረጉ።

ከሥር ምንጣፉ ላይ የተፈቱት ደጋፊዎች እርስ በርሳቸው እንደ ተጎነበሱ ነበሩ፤ ስለ ትህትናቸውም ይመሰጋገናሉ።

ወይዘሮ ፌቨን ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልጃችንን ለልጃችሁ ሰጥተናል» አሉ። «እናቷም አባቷም ቃሉን ለእኔ ትተዋል። አንድ ነገር ግን አለኝ። የሚወለደው ልጅ በሁለት ዓመቱ አይታሰርም። ይታዘላል። አንቀልባው ከእኔ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ በተደጋገፉበት ሁኔታ መተያየት ቀላል አልነበረም።

«በማን ጀርባ?» አሉ ሐጂ አያን።

ቢያዳልጣቸውስ? ዳገቱ ላይ ቢዝሉስ? ሕፃኑ ቢከብድስ? የጠዋት ሥጋቶቻቸው ሁሉ ተሰልፈው መጡ። ወይዘሮ ፌቨን አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«በተራ» አሉ። «እኔም ከተረኞቹ አንዷ ነኝ።»

ትርንጎ እልል አለች። ጋሽ ያብስራ «አሜን» አሉ፣ ምርቃቱ ተጀመረ፣ ሶፋው ሁሉ «አሜን» አለ። የብርቱካን ጭማቂውም ታደለ፤ ትርንጎ ለእያንዳንዳቸው ብርጭቆውን እየያዘች አጠጣቻቸው። ምርቃቱ አለቀ፣ ጭማቂውም አለቀ። በዚህ የተነሣው ሳቅም ቀስ በቀስ በረደ።

ወይዘሮ ፌቨን እንደ ቆሙ ነበሩ። ቀጥ ብለው፣ በኩራት፣ እጃቸውን አጣምረው። ቆይቶ ቆይቶ ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቀሱ።

«ትርንጎ» አሉ በሹክሹክታ፣ «መቀመጥስ እንዴት ነበር የሚቻለው?»